ለአታና የቀረ ስድብ

አታና ሽንኩርቱን ከገደሉ አገር ወደ ማሊዋ የወንዝ ከተማ ሞፕቲ ያወርዳል፤ ብሬማ ደግሞ በጀልባው ጭኖ የኒጀርን ወንዝ ቁልቁል ይዞ ገበያ ያደርስለታል። አታና ከገደሉ አገር ሰዎች ከዶጎን፣ ብሬማ ከወንዙ ዓሣ አጥማጆች ከቦዞ ጎሣ ነው። ዶጎንና ቦዞ ሲገናኙ ካልተሰዳደቡ ወጉ አልደረሰም፤ በዚህ የሚቀየም ሰው የለም።

«አንተ የሽንኩርት ጆንያ፣» አለው ብሬማ የዚያን ቀንም እየቀዘፈ፣ «ከድስት ውስጥ በቀር ውሃ አይተህ አታውቅም እንዴ? ምን ያቁነጠንጥሃል?»

«አንተ ዓሣ ዓሣ የምትሸት፣ ዝም ብለህ ቅዘፍ!»

ወንዙ መሀል ሲደርሱ አታና ድምፁ ተለወጠ። «ብሬማ፣ እግሬ ረጠበ። ውሃ እየገባ ነው መሰለኝ።»

«ፈርተህ ሸንተህ ይሆናላ!»

«የእውነቴን ነው። ወደ ዳር ውሰደኝ፣ በሞቴ።»

«ዶጎን እውነት የተናገረ ቀን ዓሣ ዛፍ ላይ ይወጣል!» ብሎ ብሬማ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ሌላ ሰው ቢናገረው ኖሮ ጎንበስ ብሎ ያይ ነበር። የጀልባዋ ሁለት ግማሾች በገመድ የተሰፉበት የመሀሉ ስፌት መላላቱን ያውቅ ነበር እኮ! ዛሬ ነገ እያለ ሳይወትፈው ቀረ። ግን ተናጋሪው አታና ነው፤ የአታናን ወሬ ማን ቁም ነገር ብሎ ይሰማል? ስፌቱ ተተረተረ፣ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ተንሸራተተ፣ ጀልባዋም ተገለበጠች። ብሬማ ደጋግሞ ጠለቀ። እጁ የገባው ሁሉ ጆንያ ነበር። የአታናን አስከሬን በማግስቱ ዓሣ አጥማጆች ከሸምበቆ ውስጥ አወጡት።

ወይ ነዶ! ቦዞ ዶጎንን እንዳይጎዳ ከቅድመ አያት የመጣ መሐላ ነበረባቸው።

ዶጎን ሲሞት ቦዞ ለቅሶ ቤት መጥቶ ሟቹን ይሰድባል፤ ሐዘንተኛው ይስቃል፣ ትንሽም ቢሆን ይቀለዋል። ብሬማ ግን ሊሳደብ አልመጣም። አታና ያለውን ከእሱ በቀር የሰማ የለም፤ ጥፋቱን ተናግሮ ይቅርታ ሊለምን ነው የመጣው።

የአታና ታላቅ ወንድም አምባጆ ገና ከበሩ ሲያየው፣ «ና እንጂ አንተ ቦዞ! ከአፈር በታች ሆኖ ስድብህን እየጠበቀ ነው» አለው።

ብሬማ ግቢው መሀል ቆመ።

«አታና ልክ ነበር» አለ። «ውሃ ገባ አለኝ፣ እውነቱን ነበር። ሳቅኩበት። ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ ይቅር በሉኝ።»

 አምባጆ በሳቅ ፈነዳ። «ሰማችሁ? ቦዞ ዶጎንን ልክ ነው አለ! ቦዞ ይቅርታ ለመነ!» ለቀስተኛው ሁሉ ሳቀ፤ የአታና ሚስት ያፓማ እንኳ ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች።

«የእውነቴን ነው» አለ ብሬማ፣ «በሞቴ።»

ይሄኔ ሳቁ ይባስ በረታ።