ያላለፉት ካርዶች

«አሁንም ኮምፒውተሩ ላይ ተጥዳለች?» አለች አንዲት ጎረቤት በሹክሹክታ። ሹክሹክታዋ ግን ግድግዳ ይበሳል።

«ተያት፤ ሐዘን ሰውን የማያደርገው የለም» አሉ እትዬ፣ የሟች ታላቅ እህት፣ የሻይ ብርጭቆ እየሰበሰቡ።

በሩ ገርበብ ያለ ስለነበር ሚስቱ ሁሉንም ትሰማለች። ባሏ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ ከየቤቱ በተለመነ ወንበር ተሞልቷል። ሰው ይገባል፣ «እግዜር ያጥናሽ» ይላል፣ ሻዩን ጠጥቶ ስለ ኑሮ ውድነት ያወራል፣ ይወጣል። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል እሷ ብቻዋን ነበረች። ስለዚህ ዛሬ ከምሳ በኋላ ጥቁር ሹራቧን እንደለበሰች ተነስታ ወደ ሥራ ክፍሏ ገባች፤ ሰው የፈለገውን ይበል።

ሥራዋ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ባሏ ፋርማሲስት ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሚዛን» ይለዋል። አሥር ክኒን ለመስጠት ሁለቴ የሚቆጥር ሰው ነው። ስኳር ሲገዛ ባለሱቁ «ፍሬ ፍሬውን ቆጥሬልሃለሁ» እያለ ይቀልድበት ነበር።

እሱ ለሚሠራበት ክሊኒክ፣ የሕፃናትን መድኃኒት እንደ ክብደታቸው የሚያሰላ ፕሮግራም ጽፋለች። ሰኞ ሥራ ይጀምራል፤ ዛሬ ዓርብ ነው። የቀራት አንድ ነገር ቢኖር ባሏ ሁለት ወር ሙሉ የጨቀጨቃት ነው፤ መፈተኛውን መጫን። መፈተኛው ራሱ ፕሮግራም ነው። ያኛውን ፕሮግራም ቁራጭ በቁራጭ ይጠይቀዋል፤ መልሱ ከሚጠበቀው ጋር ከገጠመ አረንጓዴ፣ ካልገጠመ ቀይ ያሳያል። ጥያቄዎቹን እንኳ ባሏ አዘጋጅቶላታል፤ አርባ ካርድ። በየካርዱ ላይ ከክሊኒኩ ወረቀት ቆርጦ የለጠፈው የሕፃን ክብደት አለ፣ በደቃቅ ቁጥር የታተመ። ከሥሩ ደግሞ ራሱ አስልቶ በእጁ የጻፈው መልስ።

«መፈተኛውን ጫንሽው፣ ጥድፌ?» ይላታል። ችኩልነቷን አይቶ ያወጣላት ስም ነው።

«ነገ።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ!»

ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገሩትም ይህንኑ ነበር። ጠዋት ጫማውን እያሰረ ሲጠይቃት ደሟ ፈላ።

«አሥራ አምስት ዓመት የሠራሁበት ሙያ ነው! አታምነኝም ማለት ነው?»

«እኔ እኮ የማላምነው አንቺን አይደለም፣ ግን...» ብሎ ጀመረ።

«ተወኝ በቃ! ሂድ፣ ይረፍድብሃል።»

ሄደ። ከሰዓት በኋላ የክሊኒኩን ደረጃ ሲወርድ የመጨረሻውን እርከን ስቶ በጭንቅላቱ ወደቀ፤ በዚያው አልተነሳም። ሃያ ዓመት የወጣ የወረደበት ደረጃ ነው። የጀመረውን አላስጨረሰችውም፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው።

መፈተኛውን መጫን አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሁለት ወር ሲያጨቃጭቃቸው የኖረ ነገር አምስት ደቂቃ! ለፈተናዎቹ ፋይል ከፍታ፣ መጀመሪያ ሆን ብላ የተሳሳተ ፈተና ጻፈችበት፤ ሁለት ሲደመር ሁለት አምስት ነው። አስነሳችው። «ምንም ፈተና አልተገኘም» አላት። ፋይሉን መፈተኛው በሚያውቀው ስም አልሰየመችውም ነበር፤ ጥድፊያዋ አልለቀቃትም። ስሙን አስተካክላ እንደገና አስነሳችው። ቀይ ሆነ። ጥሩ፣ መፈተኛው አይዋሽም ማለት ነው። «ሚዛኑን መጀመሪያ ባዶውን እይው፤ ባዶ ሆኖ የሚዋሽ ሚዛን ሲሞላማ አይጣል ነው» ይላት ነበር ባሏ። ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። የሚያይላት ሰው ስላልነበረ ፈገግታው ብዙ አልቆየም።

ካርዶቹን አንድ በአንድ አስገባች፤ ክብደቱን ከታተመው፣ መልሱን ከእጅ ጽሑፉ። አስነሳችው። ሠላሳ አራቱ አረንጓዴ፣ ስድስቱ ቀይ።

እውነቱን ነበራ! ሰኞ ሕፃናት በዚህ ሊታከሙ ነው። ስሌቱን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ በኪሎ አሥራ አምስት ሚሊግራም፣ ምንም እንከን የለበትም። ደግማ አየች። ሳሎን ውስጥ አንዱ ሳቀ፤ ወዲያው ሐዘን ቤት መሆኑ ትዝ ብሎት ሳቁን በሳል ቀየረው።

ስድስቱን ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። በመጀመሪያው ካርድ ሕፃኑ 6 ኪሎ ነው፤ ፕሮግራሙ ዘጠና ሲል ባሏ መቶ ሃያ ብሏል። በሁለተኛው 16 ኪሎ ነው፤ ፕሮግራሙ ሁለት መቶ አርባ፣ እሱ ሁለት መቶ ሰባ። መቶ ሃያን ለአሥራ አምስት አካፈለችው፤ ስምንት። ሁለት መቶ ሰባን አካፈለችው፤ አሥራ ስምንት። በስድስቱም ካርዶች ላይ 6 ቁጥር አለች፤ በስድስቱም እሱ 8 ብሎ አንብቧታል። ጥጋቸው ላይ ባለው ቀን መሠረት ስድስቱም የተጻፉት ባለፈው ወር ነው። የተሳሳተው ፕሮግራሙ ሳይሆን «ሚዛን» ራሱ ነበር።

በሩ ተንኳኳ። ከባሏ ጋር የምትሠራው ፋርማሲስት ልትሰናበታት ነው። ሚስቱ ካርዶቹን አሳየቻትና «ዓይኑን ያመው ነበር?» አለቻት።

ፋርማሲስቷ ወለል ወለሉን አየች። «ጋሼ ለማንም እንዳልናገር አስምለውኝ ነበር። አንድ ወር ሆኗቸዋል፤ የብልቃጡን ጽሑፍ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። እኔ ሳላነብላቸው ለሰው አንድ ክኒን አልሰጡም። ‹ድምፅሽ ደስ ስለሚለኝ ነው› እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።»

«ለኔስ? ለኔ ለምን አልነገረኝም?»

«ሊነግሩዎት ነበር እኮ። ‹መፈተኛውን ትጫነው እንጂ እሷ አትወድቅም፤ የምወድቀው እኔ ነኝ። ያን ዕለት ጋዋኔን ሰቅዬ እነግራታለሁ› ነበር የሚሉት።» ዓይኗን ጠረገች። «እስከዚያ ያልነገሩዎት ቁርጡን ሳያውቁ መናገር ፈርተው ይመስለኛል።»

ያላስጨረሰችው ንግግር አሁን ለብቻው አለቀ። አንቺን ሳይሆን ራሴን ነው የማላምነው ሊላት ነበር። ጋዜጣውን «አንብቢልኝ፣ እኔ ሰነፍኩ» ሲላት «እጅ የለህም?» ብላው ነበር። ያለ ምክንያት የሳሎኑን አምፖል ሁለቴ ቀየረ። ያገባችው ሰው አፍንጫዋ ሥር ዓይኑን ሲያጣ ሥራ ላይ ነበረች። አምስት ደቂቃ ብቻ! በጊዜው ጭናው ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ቤቱ ይውል ነበር፤ ደረጃውንም አይወርድም። እዚያው ወንበሯ ላይ እጥፍ ብላ አለቀሰች። ፋርማሲስቷ ጀርባዋን ደባበሰቻት።

እንባዋን በሹራቧ እጅጌ ጠርጋ የስድስቱን ፈተናዎች መልስ አስተካከለች። አርባውም አረንጓዴ ሆነ፤ ከሥሩ «ሁሉም አልፈዋል» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«ለክሊኒኩ ንገሪያቸው። ሰኞ መጀመር ይችላሉ።»

ፋርማሲስቷ ሄደች። ሚስቱ ግን ካርዶቹ ላይ ያለውን የእሱን መልስ አልሰረዘችም፤ እንዳሉ ሰብስባ መሳቢያ ውስጥ አኖረቻቸው።

«ነይ እንጂ እህቴ፣ ሰው ሊሄድ ነው» አሉ እትዬ ከበሩ ላይ።

«መጣሁ እትዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።»

ከጎኗ፣ ማታ ማታ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ የሚቀመጥበት ወንበር ባዶውን ቆሟል። ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰችና ፊደሉን አጎላችው። ትንሽ ጨመረች። አሁንም ጨመረች፣ «ሁሉም አልፈዋል» የሚለው ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር እስኪሞላው ድረስ። ከዚያ ስክሪኑን ወደ ወንበሩ አዞረችና ወደ ሳሎን ወጣች።