ከቀዩ ሰሌዳ ወዲያ

ሰኞ ጠዋት ነበር። ሰውየው ድርብ ጓንት አጥልቆ፣ ረጅሙን መቆንጠጫ ይዞ የመጀመሪያው ፏፏቴ ሥር ቆሟል። ከቅርንጫፍ ላይ ፌስታል ተንጠልጥሏል። በሁለት ቋጠሮ ታስሯል፤ ውስጡ የሕፃን ዳይፐር አለ፣ ከነምኑ። አስቡት እንግዲህ። እናትየዋ ይሁኑ አባትየው፣ እንዳይፈስ ተጨንቀው ቋጥረውታል፣ አውሬ እንዳይጎትተው ከፍ አድርገው ሰቅለውታል፣ ከዚያ ንጹሕ አየር ስበው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። መሬት ላይ ጥለውት ቢሄዱ ኖሮ ሰውየው እንዲህ ባልተናደደ።

ከፌስታሉ ሥር ያለው የእንጨት መደገፊያ ላይ የታኘከ ማስቲካ በተርታ ተለጥፏል፤ አንዱ ላይማ የጥርስ ምልክት ይታያል። ከዛፎቹ ጀርባ ሶፍቱ ነጭ ነጭ ብሏል፤ ከሶፍቱ አጠገብ ያለውን መናገር አያስፈልግም። ውሃው በሚጠራቀምበት ቦታ የሻምፖ አረፋ ከሰው ፀጉር ጋር ተጠቅልሎ ይዞራል። ሰውየው ማቅለሽለሹ ጉሮሮው ድረስ መጥቶበት እንትፍ አለ። ወዲያው ደግሞ ደንግጦ ምራቁን በጫማው አፈር አለበሰው። እሱ እንደነሱ አይደለማ።

በጥብቅ ደኑ ውስጥ ስሙን የሚጠራው የለም፤ ሁሉም "ጋሽ ኪስ" ነው የሚለው። ነገሩ ከሥራው የመጣ ነው። የእግር መንገዶቹን የሚያወጣውም፣ የሚጠግነውም፣ ደረጃ የሚሰጠውም እሱ ነው። አዲስ መንገድ ሲያወጣ ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። እጁን ሳያወጣ ከደረሰ መንገዱ ቀላል ነው፤ አረንጓዴ ሰሌዳ ይተከልለታል። ቅርንጫፍ ለመያዝ ወይም ላለመውደቅ አንዴ ሁለቴ ካወጣ ቢጫ፤ ከዚያ ካለፈ ቀይ። መጀመሪያ የሳቁበት አለቆች ኋላ ወደውት መመሪያው ውስጥ አስገቡት።

ፏፏቴዎቹ ሦስት ናቸው። ወደ መጀመሪያው የሃያ ደቂቃ፣ ወደ ሁለተኛው የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው፤ ሁለቱም አረንጓዴ። ወደ ሦስተኛው የሚወስደው መንገድ መግቢያ ላይ ግን ቀይ ሰሌዳ ቆሟል፣ አንድ ግንድም ተጋድሞበታል። ሰሌዳውን የቀባው ጋሽ ኪስ ነው። ግንዱን የጎተተውም እሱ ነው። እውነቱን ለመናገር ከሦስቱም የሚቀለው ይኸኛው ነበር። ሠላሳ ደቂቃ፣ ያውም ለጥ ያለ ሜዳ፣ ልጅ ታዝሎ የሚኬድበት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ጋሽ ኪስ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ፣ እንዲያውም እያፏጨ ነው የደረሰው።

ያኔ የሁለተኛው ፏፏቴ መንገድ ከተከፈተ ወር አልሞላውም ነበር። በወሩ ውስጥ አለቱ ላይ ስማቸውን በቀለም የጻፉ ጥንዶች መጥተዋል፣ የዶሮ አጥንት ተረጭቷል፣ ዋሻው መጸዳጃ ሆኗል። ጋሽ ኪስ ያን በአካፋ ሲዝቅ ከርሞ ነው ሦስተኛው ፏፏቴ ፊት የደረሰው። ጥቁር አለት፣ ማንም ያልረገጠው አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት፣ ከታች ጠጠሩ አንድ በአንድ የሚቆጠርበት ውሃ። በእጁ ጨልፎ ጠጣ። "ይሄንንስ አላስነካም" አለ ለራሱ። ተመልሶም የቀይ ቀለሙን ቆርቆሮ ከፈተ።

አንድ ችግር ነበረበት፤ ሚስቱ። ሚስቱ መግቢያው ላይ ትኬት ትቆርጣለች፤ ጎብኚ ሁሉ መንገድ የሚጠይቀው እሷን ነው። እሷ ደግሞ ውሸት አይሆንላትም፤ ስትሞክር ጆሮዋ ፍም ይመስላል። ስለዚህ ለእሷም ከባድ ነው አላት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሱን ውሸት ግን ያቀለለችለት ሚስቱ ናት፣ ለአሥራ አንድ ዓመት እሷ ስለተሸከመችለት። "አይሞክሩት የኔ ልጅ" ትላለች በመስኮቷ፣ ከልቧ። "ባለቤቴ ራሱ በአራት እግሩ እየዳኸ ነው የሚመለሰው።" ሰውም ያምናታል። ሁለቱን አረንጓዴዎች ቀስ እያለች ሄዳ አይታቸዋለች። ማታ ግን የሚያማትን ጉልበቷን ቅባት እያሸች የምትጠይቀው ስለ ሦስተኛው ነው። "እስቲ ንገረኝ፣ ዛሬ እንዴት ነበር?" እሱም ይነግራታል፤ ስለ ሽበቱ፣ ስለ ጠጠሩ፣ ስለ ውሃው ድምፅ። "ታድለህ" ትለዋለች። በወሩ መጨረሻ ጡረታ ትወጣለች፤ ከዚያ ጠቅልለው ልጃቸው ወዳለችበት ከተማ ሊሄዱ ነው።

የዚያኑ ሰኞ ከሰዓት አዲሷ ሥራ አስኪያጅ ጋሽ ኪስን ቢሮዋ አስጠራችው። ወጣት መሐንዲስ ናት፤ ከመጣች ሳምንቷ ነው።

"ሐሙስ መንገዶቹን ሁሉ እሄዳቸዋለሁ" አለች። "በእርስዎ ዘዴ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ።"

"ሦስተኛው አይሆንም። ቀይ ነው።"

"ታዲያ እጄ እስኪወጣ ድረስ እሄዳለኋ፣ ጋሼ። ቀላል ሆኖ ከተገኘ ቅዳሜ እንከፍተዋለን።"

ጋሽ ኪስ ቅዳሜ የሚለው ቃል ብቻ አስጠላው። ያ ፌስታል በሦስተኛው ፏፏቴ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ታየው። ማስቲካው፣ ፀጉሩ፣ ሶፍቱ፣ ሁሉም በየተራ ታየው። ምሳው ዳቦ በእንቁላል ነበር፤ ሳይነካው ለወፎች በተነው።

ረቡዕ ዲጂኖ ይዞ ሄደ። መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ጅረት ያቋርጣል፤ እዚያ መሻገሪያ እንዲሆኑ አምስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች የተከለው ራሱ ነው። መሃል ያሉትን ሦስቱን ፈንቅሎ ወደ ዳር አንከባለላቸው። ለብዙ ዓመት ተኝቶ የኖረ ጭቃ ተነሥቶ እየደፈረሰ ፏፏቴው ወዳለበት ወረደ። ጋሽ ኪስ ፊቱን አዞረ። "ይጠራል" አለ።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ አስኪያጇ በሩ ላይ ብቻዋን አልነበረችም። ሚስቱ የመሥሪያ ቤቱን ካፖርት ለብሳ፣ ሁለት እጇን ኪሷ ከትታ፣ ልጅ ይመስል ፈገግ ብላ ቆማለች።

"አንቺ ደግሞ ወዴት ነው?" አላት።

"እትዬን የጋበዝኳቸው እኔ ነኝ" አለች ሥራ አስኪያጇ። "ይህን ሁሉ ዓመት ትኬት ሲቆርጡ ኖረው ሦስተኛውን ሳያዩ ጡረታ ሊወጡ ነው?"

"እስከ ከባዱ ቦታ ድረስ ብቻ ነው፣ አትቆጣ" አለች ሚስቱ። "እዚያ ስደርስ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃችኋለሁ። ድምፁን እንኳ ልስማው።"

ቀዩ ሰሌዳ ጋ ሲደርሱ ግንዱን ከሥራ አስኪያጇ ጋር ገለል አደረጉት።

"ከባዱ ይሄ ነበር?" አለች ሚስቱ።

"አይደለም።"

ሄዱ። መንገዱ በወደቀ ቅጠል ለስልሷል፤ ዛፎቹ ከላይ ገጥመዋል። ሴቶቹ እጃቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ ስለ ልጆችና ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ። አሥር ደቂቃ ሲሆን ሚስቱ ዞር አለች።

"ከባዱ ገና ነው?"

ጋሽ ኪስ በአገጩ ወደ ፊት አሳያት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግማ ጠየቀች፣ አሁን ሳትዞር። እሱ እግሩ ሥር ያለውን ቅጠል በጫማው ገለል አደረገ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም። መጠየቋ ከቆመ በኋላ ያለው መንገድ ነበር ለእሱ የከበደው፤ የካፖርቷን ጀርባና ኪሷ ውስጥ ቁጭ ያሉትን እጆቿን እያየ ተከተላት።

ጅረቱ ጋ ደረሱ። ሥራ አስኪያጇ ቆመች፤ እጇን አወጣችና ጎንበስ ብላ ጉድጓዶቹን ነካካቻቸው። የዲጂኖው ጫፍ የወጋው ቦታ ገና በደለል አልሞላም።

"ይሄ እኮ ትናንት የተነቀለ ነው" አለች ቀስ ብላ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ሚስቱ ጉድጓዶቹን አየች፣ ዳር የተንከባለሉትን ድንጋዮች አየች፣ ከዚያ የባሏን ጫማ አየች፤ ጠርዙ ላይ ያው ጭቃ አለ። የሥራ አስኪያጇን ክንድ ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታ ተሻገረች። በመንገዱ ሁሉ እጇ ከኪሷ የወጣው እዚህ ብቻ ነበር።

ከመታጠፊያው ወዲያ ፏፏቴው ነበር። ረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። ከውሃው ዳር ሽበቱ ላይ ግን የትናንቱ ጭቃ ቡናማ ሆኖ ተጋግሯል፤ በአሥራ አንድ ዓመት እዚያ የገባው የመጀመሪያው ቆሻሻ እሱ ነው።

"እንደነገርከኝ ነው" አለች። "አንድም አልጨመርክም።" ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። "ስንቱን ሰው መለስኩ እኔ? በምርኩዝ የምትሄድ እናቱን ይዞ የመጣ ነበር። በዚህ አፌ መለስኩት።"

"ሰዎቹን አታውቂያቸውም" አለ ጋሽ ኪስ። "ሰኞ ሰኞ የማነሳውን ብታዪው..."

"እነሱን ተዋቸው። እኔ ምን አቆሽሽብህ ነበር?"

ጆሮሽ ያሳብቅብኛል ብዬ ነው ሊል አሰበ። ቃሉ ምላሱ ላይ ሳለ አስጠላው። ሰኞ ጠዋት የተሰማው ያ ማቅለሽለሽ ከሆዱ ተነሥቶ መጣበት፤ አሁን ግን በመቆንጠጫ የሚነሣ ነገር የለም። እሱም ቆሻሻውን አሳምሮ ቋጥሮ፣ ከፍ አድርጎ ሚስቱ ላይ ሰቅሎ፣ ንጹሕ አየር ሲስብ ነው የኖረው።

ሥራ አስኪያጇ ቅጹን አውጥታለች። "ጋሼ፣ ቀለሙ ምን ይሁን?"

"አረንጓዴ" አለ፣ ማንንም ሳያይ።

ቀድሟቸው ወደ ጅረቱ ተመለሰ። ዲጂኖ አልያዘም፤ ሦስቱን ድንጋዮች በባዶ እጁ አቅፎ፣ ወገቡ እየተንቋቋ፣ አንድ በአንድ ጉድጓዳቸው ውስጥ መለሳቸው። ሴቶቹ ሲመጡ መሃል ውሃው ውስጥ ቆሞ ነበር። ለሚስቱ እጁን ዘረጋላት።

እጁን አየችው። ጭቃ ነው። ሁለቱንም እጆቿን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተች፣ ድንጋዮቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ብላ ረግጣ በአጠገቡ አለፈች።