የክፍሌ ባልዲ

ይገዙ ፒንሳው የነከሰውን ክብደት ወደ ወለሉ ይጥላል፤ እምቢ ያለውን ባልዲው ውስጥ ይጨምራል። ዛሬ ሥራው ተገልብጧል።

ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በሰው አገር አቮንዴል እስቴትስ በምትባል ከተማ ባለችው ጎሚስታው፣ ጎማ እንዳይንቀጠቀጥ የሚለጠፉትን፣ ከአሮጌ ቸርኬ የሚነቅላቸውን የባላንስ ክብደቶች ሲለይ ባልዲው ውስጥ የሚገባው እርሳሱ ነበር። እርሳስ ለስላሳ ነው፤ ፒንሳ ይገባበታል፤ ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅም ዱብ ብሎ ዝም ይላል። ዚንክ ግን ፒንሳ ያንሸራትታል፤ ሲወድቅ ይጮሃል። ይህን ያስተማረው ክፍሌ ነው። ክፍሌ እርሳሱን ዲኬተር በሚገኘው ቤቱ ጓሮ እያቀለጠ የጥይት ራስ ይሠራበታል፤ በመከር ወራት አጋዘን ሊያድን ይወጣል። ዚንክ የገባበት ድስት ይበላሻልና፣ አንዲት ባዕድ ፍሬ ያገኘ ቀን ይገዙን እስከ ሰባት ቤቱ ይሰድበው ነበር።

ዛሬ ይገዙ ባልዲውን በዚንክ ብቻ ሞላው።

ሰኞ ዕለት የክፍሌ ልጅ ኤልዳና ከሆስፒታል ሥራዋ ስትገባ፣ አባቷ ሌባ መስላው ጠመንጃ ደቀነባት። «አባዬ፣ እኔ ነኝ!» ብላ ሦስት ጊዜ ጮሃ ነው ያወረደው። በማግስቱ ይገዙ ዘንድ መጣች።

«ጋሽ ይገዙ፣ እኔ ልነጥቀው አልችልም፤ አባቴ ነው። ፖሊስ ኮል ባደርግ ደግሞ…» አልጨረሰችውም። «እርስዎ ካሉት ይሰጣል።»

«ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ልየው» አላት።

ክፍሌ ዚንኩን ከለየ፣ አእምሮው ደህና ነው፤ የሰኞው ነገር የአንድ ቀን ድንጋጤ ነው ሊላት ነው። ካልለየ ግን ጠመንጃውን ሊጠይቀው። እንግዲህ ይገዙ ከጠዋት ጀምሮ ሲጸልይ የቆየው ለስድብ ነበር።

መኪናዋ በሩ ላይ ቆመች። ኤልዳና መሪውን እንደያዘች ቀረች፤ ክፍሌ ኮፍያውን እያስተካከለ ወረደ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ዛሬም አልሞትክም?»

«አንተን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ!»

ተሳሳቁ። ክፍሌ ባልዲው አጠገብ ተቀመጠና አንዷን ፍሬ አንስቶ ሲሚንቶው ላይ ጣላት። ጥርት ብላ ጮኸች። ይገዙ ስድቡን ጠበቀ። ክፍሌ ፒንሳውን አንስቶ ነከሳት፤ ፒንሳው ተንሸራተተ።

«እንዴት ያለ እርሳስ ነው!» አለ ክፍሌ።

«እስቲ… ደግመህ ሞክረው።»

ደግሞ ጣላት። ደግማ ጮኸች። ክፍሌ ቀና ብሎ ፈገግ አለ።

«ምን አጠራጠረህ? ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁ?»

ይገዙ በወዳጁ ትከሻ ላይ አሻግሮ መኪናዋን አየ፤ ኤልዳና ዓይኗን አልነቀለችም። ዝቅ ብሎ የክፍሌን እጅ ያዘ።

«ክፍሌ፣ ጠመንጃህን ስጠኝ።»

የክፍሌ ፊት አንድ አፍታ ጨለመ። ከዚያ ግንባሩ ተፈታ።

«አደን ልትወጣ ነው? አንተ? ዶሮ ማረድ የምትፈራው ሰውዬ?»

ይገዙ ዋሽቶት አያውቅም ነበር። «አዎ» አለ።

«እሰይ! ውሰዳታ፤ አንተ ከሆንክማ! ግን ስማኝ።» ክፍሌ ወንበሩን አስጠጋ። ድምፁ ይገዙ ድሮ የሚያውቀው ድምፅ ሆነ። «ነፋሱ ፊትህን ይምታው፤ ከኋላህ ከመጣ ሽታህን ይወስድላቸዋል። ጎህ ሳይቀድ ግባና ዛፍ ተደገፍ። ሣሩ ሲንኮሻኮሽ አትዙር፤ ዓይንህ ብቻ ይዙር። እናትየዋ ግልገል ካስከተለች ተዋት፤ ቤትህ ባዶህን ግባ።»

አንዲት ቃል አልሳተም። ኤልዳና ከመኪናው ወርዳ አባቷ ጀርባ ቆማለች፤ አፏን በመዳፏ ይዛለች።

«እሺ» አለ ይገዙ።

«እሺ ብቻ አይበቃም። ድገምልኝ።»

ይገዙ «ነፋሱ ፊቴን ይምታኝ…» ብሎ ጀመረ።