የመለማመጃው ገጽ

በመለማመጃው ገጽ ላይ እሷ ያልጻፈችው መልእክት ነበረ።

«ወላዷ ደም እየፈሰሳት ነው። አምቡላንስ ቶሎ ላኩልኝ።»

ፕሮግራመሯ ደግማ አነበበችው። ነርሶች አምቡላንስ የሚጠሩበትን መተግበሪያ ስትሠራ ለሙከራ ያዘጋጀችውን ይህን ገጽ ከእሷ በቀር የሚያውቀው የለም፤ ለሙከራ የፈጠረቻቸው ሕመምተኞችም ሁሉ በጎረቤት ድመቶች ስም የሚጠሩ ናቸው። ላኪዋን ስታይ ክው አለች። አዋላጅ ነርስ የሆነችው ታላቅ እህቷ ነበረች።

ስህተቱ የት እንዳለ ወዲያው ገባት። ማኒፌስት የሚሉት ትንሽ ፋይል አለ፤ የመተግበሪያውን ስምና ምልክት፣ ምልክቱም ሲነካ የትኛው ገጽ እንደሚከፈት ለስልኩ የሚነግረው እሱ ነው። ለስሙና ለቀለሙ ስትጨነቅ ሰንብታ የሚከፈተውን ገጽ አድራሻ ከመለማመጃው ወደ እውነተኛው ሳትቀይር ቀርታለች። እሷ ራሷ አድራሻውን በኮምፒውተር እየጻፈች ስለምትገባ ሁሌም ትክክለኛው ይከፈትላታል። ነርሶቹ ግን ዛሬ ጠዋት ምልክቱን ስልካቸው ላይ ጭነው ሥራ ጀምረዋል። «እህቴ የሠራችው ነው» እያለች ቀድማ የጫነችው ደግሞ እህቷ ናት።

ከሁሉ ያስፈራት ከመልእክቱ ሥር ያለው ነው። ለልምምድ እንዲመች ገጹ በራሱ እንዲመልስ አድርጋው ነበር፤ «አምቡላንሱ ተነስቷል» ብሎ መልሷል።

ወዲያው ለእህቷ ደወለች።

«እትዬ፣ የወላዷ ቤት የት ነው?»

«ምነው፣ ምን ሆነሽ? መኪናው ተነስቷል ብሎኛል እኮ።»

የእህቷ ድምፅ የተረጋጋ ነበር።

«አልተነሳም፣ እትዬ። የመለሰልሽ ሰው አይደለም።»

ከስልኩ ወዲያ የሴት ማቃሰት ተሰማ። እህቷ አልተቆጣችም። ሰፈሩንና የበሩን ቀለም ቶሎ ቶሎ ነገረቻት፤ እጇ ስለተያዘ ስልኩን ለባልየው እንደምትሰጠው፣ እሱም መንገድ ዳር ወጥቶ እንደሚጠብቅ ተናግራ ዘጋች።

ፕሮግራመሯ አምቡላንስ ጣቢያ ደወለች። ተረኛው አድራሻውን ተቀብሎ መኪናው አሁን እንደሚወጣ፣ መንገዱ ግን ዛሬ ክፉኛ እንደተጨናነቀ ነገራት። ፋይሉን ወዲያው አረመችው። የታረመው ግን መተግበሪያው አስቀድሞ የተጫነባቸው ስልኮች ጋ ቶሎ አይደርስም፤ የጠዋቱን ይዘው ይቆያሉ። ቢያንስ ገጹን ልዝጋው ብላ እጇን ስትዘረጋ ከእህቷ ስልክ ሌላ መልእክት ገባ። አጻጻፉ የእህቷ አልነበረም።

«የት ደረሳችሁ? ሚስቴ እየደከመች ነው።»

እጇ ሳይደርስ ለልምምድ የጻፈቻቸው የራሷ ቃላት በራሳቸው ከሥሩ ወጡ።

«አይዞህ፣ በሩ ላይ ነን።»

ሰውየው ባዶውን መንገድ ሲያይ ታያት።