የእመት ኬሶንግ ድንጋይ

በመቃብር ላይ ይለቀሳል እንጂ አይቆጡም ይላሉ። እኔ ግን እመት ኬሶንግ መቃብር ላይ ቆሜ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣኝም። ደሜ ነው የፈላው።

እመት ኬሶንግ ያልናቸው በትውልድ ከተማቸው ነው፤ ያገባች ሴት በመጣችበት አገር ነው የምትጠራው። ባቡር ገና ሶል ከተማ ሳይገባ፣ ባላቸው ሞተውባቸው፣ ልጅም ሳይኖራቸው፣ ጓሯቸው ባለች አንድ ክፍል ሴት ልጆችን ማስተማር ጀመሩ። ሰፈርተኛው ጣራቸውን በድንጋይ ቀጠቀጠ። ውኃ የሚያመጣላቸው ሰው እንኳ «ለእንዲህ ያለ ቤት አልቀዳም» አላቸው። ራሳቸው እየወረዱ ቀዱ።

የመጀመሪያው ትምህርታቸው ፊደል አልነበረም፤ ስም ነበር። ስም የት ነበረንና! ለሴት ልጅ ማን ስም ሲያወጣ? አባቴ ወንድ ሲጠብቅ እኔ ስለመጣሁበት «ከፋኝ» እያለ ነበር የሚጠራኝ።

«ይሄማ የአባትሽ ብሶት ነው፤ ስም አይደለም» አሉኝና አሸዋ በሞላው ሳህን ላይ በቀጭን እንጨት «ኦክሲም» ብለው ጻፉልኝ። ወዲያው በመዳፋቸው አጠፉት። አለቀስኩ። «በይ እንግዲህ፣ አሁን አንቺው ጻፊው» አሉኝ። አርባ አንድ ሴቶች እንዲህ ስም አገኘን።

ሲሞቱ ሐውልቱን ያቆመው ጊሶክ ነው፤ ወራሽ ወንድ ይኑር ተብሎ በማደጎ የተሰጣቸው የባላቸው የወንድም ልጅ። እኔና አብራኝ የተማረችው ዩንቦክ ወደ መቃብሩ ወጥተን ድንጋዩን አነበብን። «የሆንግ ቤት ሚስት፣ የቻ ቤት ልጅ» ይላል። በቃ!

«ጌታው፣ ስማቸው የታለ?» አልኩት ጊሶክን።

«የምን ስም?»

«የሳቸው ነዋ! መምህር ነበሩ እኮ!»

«አይ ጉድ! የሴት ስም ሜዳ ላይ ይቀረጽ? ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ!» ብሎ ከድንጋይ ጠራቢው ጋር ተሳሳቀ።

«ይኸው በወንድ አለቀና ጎደሎ ሆነ!» አለችው ዩንቦክ።

ፊቱ ቀላ። «እሺ» አለ። «ጠራቢው እዚህ ነው፣ መሮውም በእጁ ነው። ማን ነበር ስማቸው? ንገሩኝና አሁኑኑ ይጻፍ።»

ዩንቦክን አየኋት። እሷም እኔን አየችኝ። አናውቅም።

ጊሶክም አያውቅም፤ እሱ ግን ግድም የለው። እየሳቀ ቁልቁል ወረደ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ኖሬያለሁ። ሲታመሙ እግራቸውን አጥቤያለሁ፣ አጥሚት አጉርሻለሁ። «እርስዎስ ማን ይባላሉ?» የምትለዋን ግን አንድ ቀን ከአፌ አላወጣኋትም። ትልቅ ሰው ስሙ አይጠየቅም፣ ነውር ነው ብዬ! ወይ ነውር! ያን ዕለት ከጊሶክ ይልቅ ራሴን ጠላሁ።

ኬሶንግ ሰው ላክን። የቻ ቤት የዘር መጽሐፍ ተገልጦ ታየ። የባላቸው ስም «አማች» ከሚል ቃል ጋር ተጽፏል። የሳቸው የለም። ድንጋዩም እንደዚያው ቀረ።

መልሱ በመጣ ማግስት ክፍል ገባሁ። በሳቸው ቦታ የማስተምረው እኔ ነኝ። «ነገ የእናታችሁን ስም ይዛችሁ ኑ። ሳትይዝ የመጣች ትመለሳለች!» አልኳቸው።

ከአስራ ዘጠኙ ልጆች ሦስቱ ብቻ ይዘው መጡ። ሌሎቹን ልቆጣ አፌን ስከፍት አንዲት ምላሰኛ ልጅ ብድግ አለች። «የእርስዎ እናትስ፣ መምህር?»

በዚያው ተነስቼ እናቴ ቤት ሄድኩ። ግቢ ውስጥ ቁጢጥ ብላ ለክረምት የሚቀመጥ ጎመን ላይ ጨው ትነሰንሳለች።

«ምነው፣ በደህና ነው?»

«እማዬ፣ ስምሽ ማን ነው?»

እጇ ጨው እንደያዘ ቀረ። «ነበረኝ እኮ» አለችኝ። «አያቴ ያወጣችልኝ። የሚጠራኝ ጠፋ እንጂ።»

«ንገሪኛ!»

ወደ ቤቱ በር ዞር ብላ አየች። ከዚያ ጆሮዬን ወደ አፏ ስባ፣ አባቴ እንዳይሰማ በሹክሹክታ ነገረችኝ። አባቴ ከሞተ አስራ አንድ ዓመቱ ነው።