ቤዝ የሌለው ዘፈን

ናትናኤል እትዬ አጸደን የሚጠላውን ያህል ማንንም አይጠላም። ሲጠላቸውም ታዲያ በአንቱታ ነበር፤ ያሳደጉት የናይሮቢ ጴንጤዎች ናቸውና ምን ያድርግ።

ምክንያት አለው። ልጃቸው አቤኔዘር የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ነበር። ናትናኤል ጊታር፣ ታዴዎስ ድራም ይዘው፣ ሩንዳ ሰፈር፣ ከታዴዎስ አባት ቤት ጀርባ ባለው ሰርቪስ ቤት ትራሽ ሜታል የሚሉትን ከባድ ሮክ እያስጮኹ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ያሳብዱ ነበር። በፈረንጆቹ ዘጠና አምስት፣ አቤኔዘር ከልምምድ ሲመለስ የተሳፈረበት ማታቱ የሚባለው ሚኒባስ ተገለበጠ። በቀብሩ ላይ እትዬ አጸደ በጉባኤው ፊት ጣታቸውን ወደ ናትናኤል ቀሰሩ።

«ልጄን ማታቱ አልገደለውም። ይሄ ነው የገደለው» አሉ። ፓስተሩ አሜን አለ። ምን ቤት ነውና ነው አሜን የሚለው?

ከዚያ ወዲህ የሚሠሩት ሁለተኛ አልበም ጠቆረ። የመጀመሪያው ላይ ቀልድም ነበረበት፤ በዚህኛው ናትናኤል ጊታሩን ዝቅ አድርጎ ቃኝቶ ማታቱን፣ ጉባኤውን፣ እግዜርን ሳይቀር ሰደበ። አንዱ ዘፈን ከዳር እስከ ዳር የእትዬ አጸደ እርግማን ነው። የቀረው የመጨረሻው ዘፈን ብቻ ነበር። የዚህን ዘፈን ቤዝና ድምፅ አቤኔዘር በሕይወት ሳለ ቀርጾት፣ ካሴቱን ሊለማመድበት ቤቱ ወስዶታል። ኮፒ የለውም። ናትናኤል ሌላ ቤዝ ተጫዋች ፈልግ ሲሉት ሊደባደብ ይቃጣዋል።

አንድ እሑድ ታዴዎስ ደወለ። «ብሮ፣ የአቤኔ ማዘር ካሴቶቹን ዛሬ ሊያቃጥሉ ነው፣ አፍተር ቸርች። ሃራካ፣ ቶሎ ሂድ።»

ዓለማዊ ካሴት ከጸሎት ጋር ማቃጠል በጉባኤው የተለመደ ነው። ናትናኤል ፓርክላንድስ፣ እትዬ አጸደ ቤት ሲደርስ ጓሮ ያለው ጂኮ፣ የከሰል ምድጃው፣ ተያይዟል። እትዬ አጸደ የራስ ቅልና ጋኔን የተሳለባቸውን የካሴት ሣጥኖች፣ ከፍቶ ማየቱን ተጸይፈው፣ በሁለት ጣታቸው እያነሡ እሳቱ ላይ ይጥላሉ።

ናትናኤል ሊስቅ ምንም አልቀረው። አቤኔዘር እናቱ ክፍሉን መፈተሽ ሲጀምሩ፣ ለናትናኤል ብቻ ነግሮ፣ ካሴቶቹን አለዋውጧቸው ነበር፤ ሜታሉን በመዝሙር ሣጥን፣ መዝሙሩን በሜታል ሣጥን። የሚቃጠለው መዝሙሩ ነው። አሁን በእጃቸው ያለው፣ ቀይ ራስ ቅል የተሳለበት ሣጥን ውስጥ ደግሞ፣ አቤኔዘር በልጅነቱ ስደተኞች ካምፕ ሳሉ ብቻውን የዘመረው መዝሙር አለ። ከሞተ ወዲህ እናቱ ሊሰሙት አልደፈሩም።

አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ናትናኤል የቀብሩን ዕለት አስታወሰና ዝም አለ። ሣጥኑ ሲቀልጥ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

«ምን ልትሠራ መጣህ?» አሉት ቀና ብለው።

«ለማስታወሻ አንድ የመዝሙር ካሴት ቢሰጡኝ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ዛሬ ነው መዝሙር ያማረህ?» አሉ፤ ግን ሳሎን አስገቡት። ናትናኤል ከመደርደሪያው ላይ በቀጥታ የባንዱ ካሴት የተደበቀበትን፣ ነጭ ርግብ ያለበትን ሣጥን አነሣ። እትዬ አጸደ ከእጁ ነጠቁት።

«ይሄንንማ አትነካም። የልጄ ድምፅ ያለበት ነው። አሁን ቤቴ ጸድቷል፣ እሰማዋለሁ። አንተም ስማና ማንን እንደገደልክ እወቅ።»

ካሴቱን ማጫወቻው ውስጥ ከተቱት። ቤዙ መስኮቱን አንቀጠቀጠው፤ ከዚያ አቤኔዘር ጮኸ። እትዬ አጸደ ክው አሉ። ድምፁን ግን ለዩት። ሣጥኑን አዩ፣ በመስኮቱ አሻግረው ጂኮውን አዩ።

«የካምፑ መዝሙርስ?»

ናትናኤል አንገቱን ደፋ።

«ታውቅ ነበር። ቆመህ እያየኸኝ።»

«አውቅ ነበር» አለ። አፈረ፤ ይቅርታ ግን ከአፉ አልወጣም።

እትዬ አጸደ ካሴቱን አውጥተው ደረታቸው ውስጥ ሸጎጡት።

«እትዬ፣ እሱ የእኛ ነው። አልበሙ ያለ እሱ አያልቅም።»

«ሌላ አላስቀረህልኝም» አሉት። «ውጣ ከቤቴ።»

አልበሙ ወጣ። የመጨረሻው ዘፈን ላይ ቤዝም የአቤኔዘር ድምፅም የለም፤ ናትናኤል በቦታው ማንንም አላስገባም። የላቪንግተን ሰፈር የሀብታም ልጆች ቀረጻው የተበላሸ እየመሰላቸው ካሴቱን ለሻጩ ይመልሳሉ። ፓርክላንድስ ያሉ ጎረቤቶች ደግሞ እሑድ እሑድ ከእትዬ አጸደ ቤት የሚያጓራው ምንድን ነው እያሉ ፓስተሩ ዘንድ ይከሷቸዋል። እሳቸው ድምፁን ከፍ ያደርጉታል። ናትናኤል አንዳንዴ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይሰማል። እዚያ መቆሙን ያውቃሉ፤ በሩን አይከፍቱለትም።