አንድ ስልክ የሚበላው መብራት

የሶላሩ ሰሌዳ ንጹሕ ነበር። ባለሙያው ግን መሰላሉ ላይ ቆሞ በእርጥብ ጨርቅ መወልወሉን አላቆመም። ካፊያው ሲያጥበው ስላደረ አንዲት ብናኝ አቧራ አልነበረበትም። የጠፋው ፀሐይ ነው፤ ሰማዩ ፊቱን ካጠቆረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ።

"ቆሽሾ ነው እንዴ ልጄ?" አለች አክስቱ ከታች፣ መሰላሉን በሁለት እጇ እንደያዘች።

"ትንሽ" አለ። የዕለቱ የመጀመሪያ ውሸቱ ይህ ነበር።

በከተማው "ፀሐይ ሻጩ" ይሉታል። ለቀልድ የወጣለትን ስም ወዶት ሱቁ ላይ አጽፎታል፤ በመስኮቱም ቀን ከሌት የሚበራ አምፖል ሰቅሏል። የመጀመሪያ ደንበኛው ደግሞ እናቱ ከሞተች በኋላ ያሳደገችው ይህችው አክስቱ ናት። የመብራት መስመር እሷ ሰፈር አልደረሰም። እሷ ግን ጫጩት ፈልፍላ መሸጥ ፈለገች፤ እሱም "ለእኔ ተዪው" አላት።

ከመሰላሉ ወርዶ ተከትሏት ገባ። ቁም ሳጥን የሚያህለው መፈልፈያ ማሽን የጓዳውን ግማሽ ይዟል። በውስጡ ሁለት መቶ እንቁላል አለ፤ አሥራ ስምንተኛ ቀናቸው ነው፤ ሦስት ቀን ብቻ ነው የቀራቸው። አክስቱ ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ትኩስ ውኃ የሞሉ ጀሪካኖች በዙሪያው ደርድራለች። ያም ሆኖ ሠላሳ ሰባት ተኩል ማለት የነበረበት ሙቀት መለኪያ ሠላሳ ሁለት ይላል። ባትሪው ባዶ ነው።

"እኔ ነኝ የፈጀኋቸው" አለች ድንገት።

"ምን?"

"እንዳትቆጣኝ። ከትናንት ወዲያ ጎረቤቴ ጋሼ ሾፌሩ ስልካቸው ሞቶባቸው ለመኑኝና እዚህ ሰካሁላቸው። ከማሽኑ ሌላ ምንም እንዳይሰካ ብለኸኝ ነበር። ግን ልጃቸው ከሩቅ አገር ትደውላለች፤ እንዴት እምቢ ልበላቸው?"

ባለሙያው አፉን ከፈተ። አንድ ስልክ እስኪሞላ የሚወስደውን ኃይል ማሽኑ በአምስት ደቂቃ ይውጠዋል። ይህን እንደ ስሙ ያውቀዋል። ከአፉ የወጣው ግን "እሱማ... ትንሽ ሳይጎዳው አልቀረም" የሚል ነበር። ወዲያው እፍረት ወረረው፤ ቃሉን ግን አልመለሰውም።

ጥፋቱ የተሠራው በበጋ ነው። ፀሐይ አናት በምትበሳበት ወር፣ እኩለ ቀን ላይ የፀሐይ ኃይል መለኪያውን ይዞ ጣሪያ ላይ ወጣና ያገኘውን ቁጥር የዓመቱ ሁሉ ቁጥር አደረገው። ሰሌዳውን ከመግጠሙ በፊት ግን ወረቀት ላይ ሲያሰላ፣ ደመና ለሚበዛበት ወር ሦስት ሰሌዳና ሦስት ባትሪ እንደሚያስፈልግ አየ። የአክስቱ አቅም ከአንድ አያልፍም። "ክረምት ላይ አትፈልፍዪ" ሊላት ይችል ነበር። እንደዚያ ካላት ግን ሐሳቧን ብትለውጥስ ብሎ ፈራ። "ደመና ሲሆንስ?" ብላ ስትጠይቀው "ደመናም ቢሆን ብርሃን አለ እኮ አክስቴ!" ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው፤ ብርሃን አለ፤ አይበቃም እንጂ። ያን በጋ ሁለት ዙር ጫጩት ያለ አንዳች እንከን ተፈልፍሎ ሰፈሩ ጉድ ሲል፣ እሱም ወረቀቱን የረሳ መሰለው።

አክስቱ አንድ እንቁላል አንሥታ በእጅ ባትሪ ከሥሩ አበራችበት። ውስጡ ያለው ጥላ ዝግ ብሎ ነቅነቅ አለ።

"ነፍስ አለው!" አለች። ቀጣዩን አነሣች። ያኛው አልተንቀሳቀሰም።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። ጡረተኛው ሾፌር ኮፍያቸውን አውልቀው ገቡ፤ እግራቸው የታሰረ ሁለት ዶሮዎች በብብታቸው ይዘዋል።

"በአንዲት ስልክ ጉድ ሠራሁሽ" አሉ። "ምትክ ባይሆንም እነዚህን ተቀበይኝ። እንቁላል ጣይ ናቸው።"

"ኧረ ጋሼ! ያለዎት እኮ እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው።"

"ካልተቀበልሽኝ እንቅልፍም አይወስደኝ።" ከዚያ ወደ ባለሙያው ዞረው ዝቅ አሉ። "አንተም ልጄ፣ ሥራህን አበላሸሁብህ። ይቅር በለኝ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አባቱ የሚሆኑ ሰው እሱን ይቅርታ ሲጠይቁ ማየት አልቻለም።

"ስልኩ አይደለም" አለ። "እኔ ነኝ።"

"ምን ማለትህ ነው?" አለች አክስቱ።

"ሰሌዳው በደመና ቀን ማሽኑ ከሚፈልገው ከሲሶው በላይ አይሰጥም። ስገጥምልሽ አውቅ ነበር። ጠይቀሽኝም ስቄ አለፍኩት።"

አክስቱ እንቁላሉን ቀስ ብላ ወደ ቦታው መለሰች።

"ቅድም ስነግርህስ?"

"ፈራሁ።"

"እኔን?" ድምጿ ተሰበረ። "ትናንት በስልኩ ሰበብ ሰው ፊት ጮኼባቸዋለሁ እኮ! አንተ ደግሞ ልክ ነሽ አልከኝ!"

እየሮጠ ወጣ። ሱቁ ሲደርስ የመስኮቱን አምፖል አጠፋ፤ አምፖሉን የሚያበራውን ትልቁን ባትሪ ፈታና በጋሪ አስጭኖ ተመለሰ። ሽቦውን ሲያገናኝ የማሽኑ ማራገቢያ ማጉረምረም ጀመረ። ሠላሳ ሦስት አለ፤ ቆየት ብሎ ሠላሳ አራት።

"እስከ ነገ ጠዋት ይይዛል" አለ። "ፀሐይ ካልወጣች ጀኔሬተር ተከራይቼ አመጣለሁ። ክረምቱ እስኪያልፍ ግን ሌላ እንቁላል አታስገቢ።"

"ከእነዚህስ ስንቱ ይተርፋል?"

"አላውቅም።" ከጠዋት ጀምሮ ከተናገረው ሁሉ ሳይሸማቀቅ የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

ሾፌሩ ዶሮዎቻቸውን ታቅፈው በሩ ሥር ቆመዋል።

"ጋሼ፣ ስልክዎን ይስጡኝ" አላቸው።

"ኧረ ተወኝ!" ኪሳቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። "አሁንም ሌላ ጣጣ?"

"ልጅዎ ዛሬ አትደውልም?"

"መደወሉንስ ትደውላለች..." ብለው ወደ አክስቱ አዩ።

አክስቱ ዓይኗን ከሙቀት መለኪያው አላነሣችም። "አይጨርስብንም?" አለች።

"አይጨርስም። ያን ቀንም አልጨረሰም።"

ባለሙያው እጁን ዘርግቶ የተቀበለውን ስልክ አክስቱ ከእጁ ወሰደችና ራሷ ሰካችው። ከዚያ ብቸኛውን ወንበር አምጥታ ለሾፌሩ አቀረበች። ባለሙያውን ግን ተቀመጥም፣ ሂድም አላለችውም። እሱም ትከሻው ላይ የቀረውን መወልወያ ጨርቅ ጥሎ ማሽኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠና የሙቀት መለኪያውን ቁጥር መጠበቅ ጀመረ።